ሲጠብ የሚረዝም ቀለሃ

ልጅ ሳለን ቀለሃ ፉጨታችን ነበር። ሠርግ ወይም ለቅሶ ላይ ተተኩሶ ሲያበቃ በጎልማሶቹ እግር ሥር ተሽሎክልከን እንለቅምና አፉን ከታችኛው ከንፈራችን አስጠግተን እናፏጭበታለን። ረጅሙ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። እናቴ «ጣሉት፣ ገና ባሩዱ ይሸታል» እያለች ትቆጣ ነበር። ስለ ቀለሃ ቁም ነገር ያሰብኩት ግን ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ እሱንም በእጄ ሳልነካው፣ በስልክ።

እዚህ ጎንደር፣ ከአራዳ ዝቅ ብሎ የቶርኖ ቤት አለኝ። የባጃጅ አክስል፣ የወፍጮ ቤት ቡሽ፣ የውኃ ፓምፕ ዘንግ ነው ሥራዬ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ኮሎራዶ ይኖራል፤ ከባድ መኪና ይነዳል። እዚያ ከሄደ በኋላ አደን ለመደ። ወራቱ ሲደርስ ፈቃዱን አውጥቶ፣ ሕጉ የሚያዘውን ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ፣ ኤልክ የሚሉትን በሬ የሚያህል አጋዘን ፍለጋ ተራራ ይወጣል። ጠመንጃው 308 ዊንቸስተር የሚሉትን ጥይት የሚጎርስ፣ በእጅ የሚቀባበል ነው። ጥይቱን ደግሞ ራሱ ይሞላል፤ በዚያ አገር ይህ በየጋራዡ የሚሠራ፣ የተፈቀደ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው።

እዚህ ነገሩ ሌላ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያም ሆነ ጥይት መሥራት አይቻልም። እኔ ደግሞ አዋጁ ከመውጣቱም በፊት «ይቺን ብቻ አስተካክልልኝ» እያለ ጠመንጃ በጋቢ ጠቅልሎ የሚመጣውን ሁሉ ስመልስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ «ጋሼ፣ ናሙና ልላክልዎ?» ሲለኝ «አንዲት ቀለሃ እንዳትልክ፤ ፎቶና ቁጥር ብቻ» አልኩት። በዚያው ተስማማን።

ለማያውቅ አንባቢ ሥራውን ባጭሩ ልንገር። ጥይት ሲተኮስ ባሩዱ በሚፈጥረው ግፊት ቀለሃው ያብጥና ጠመንጃው ጥይቱን የጎረሰበትን ክፍል ግድግዳ ይነካል። ግፊቱ ሲወርድ ጥቂት ይመለሳል፤ እንደ ድሮው ግን አይሆንም። እንደገና ለመሙላት ቀለሃው ዳይ በሚሉት ጠንካራ የብረት ቅርጽ ውስጥ በፕሬስ ተገፍቶ ወገቡም አንገቱም መጥበብ አለበት። ሲመለስ ደግሞ ዳዩ መካከል ባለ ዘንግ ላይ የተሰካች ትንሽ ኳስ አንገቱን በልክ ታሰፋዋለች። የአክስቴ ልጅ ችግር እዚህች ላይ ነው የጀመረው።

መስከረም መጀመሪያ ላይ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ፣ በሬን ሳልከፍት ስልኬ ጮኸ። እሱ ዘንድ ማታ 4 ሰዓት ነው።

«ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ቀለሃው ዳዩ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ስጎትተው የግርጌው ጠርዝ ተቀደደ።»

«ቅባት ቀብተኸዋል?»

«ነፍቼበታለሁ እንጂ!»

«ነፍተህ ስንት ደቂቃ ቆየህ?»

ዝም አለ። የሚነፋው ቅባት በአልኮል የቀጠነ ነው፤ አልኮሉ ካልተነነ ቅባቱ ቀጭን ውኃ ሆኖ ነው የሚገባው። ነሐስና ብረት በደረቁ ሲፋተጉ ይናከሳሉ፤ ቡሽ ያለ ዘይት በፕሬስ ያስገባ ሁሉ ያየው ነገር ነው። በዚያ ላይ ቀለሃዎቹን አጥቦ እንደ ወርቅ አብርቷቸው ነበር። ጥቀርሻው ትንሽ ያንሸራትት ነበር፤ እሱም ሄደ።

የተቀረቀረውን ማውጣት ለኔ የዘወትር ሥራ ስለሆነ አላስጨነቀኝም። መሐል ያለውን ዘንግ በተቻለ ወደ ላይ መልስ፣ የቀለሃውን ግርጌ መሐል ለመሐል በትራፓኖ ብሳ፣ በማስኪዮ የሩብ ኢንች ጥርስ አውጣለት፣ ከላዩ ሰፋ ያለ ቱቦ አስቀምጠህ ብሎን አስገባና ቀስ እያልክ አጥብቀው አልኩት። ብሎኑ ሲጠብቅ ቀለሃውን ወደ ቱቦው ይስበዋል። በግማሽ ሰዓት ወጣለት። ዳዩ አልተጫረም።

እዚህ ላይ ጉዳዩ የተዘጋ መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ሌላ ፎቶ መጣ። ቀለሃዎቹ ትከሻ ላይ፣ ወገቡ ወደ አንገቱ በሚጠብበት ቦታ፣ ጣት የነካው ሊጥ የመሰለ ስርጉድ አለ። ይኼ የፈሪ ቅባት ነው። መቀርቀሩን ፈርቶ አብዝቶ ቀባ፤ ዘይት ደግሞ አይጨመቅም። ዳዩ ውስጥ መውጫ ሲያጣ ነሐሱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ትንሽ ስርጉድ ሲተኮስ ራሱ ይወጣል፤ ስለታም እጥፋት ያለበትን ግን ጣል አልኩት። ቅባቱን በሁለት ጣት ጫፍ፣ ወገቡ ላይ ብቻ፣ ትከሻውን ሳይነካ። ይህም አለቀ።

ዋናው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስርጉዱ ቀረ፣ መቀርቀሩ ቀረ፤ ቀለሃዎቹ ግን ጠመንጃው ውስጥ አልገባ አሉ። «አንዳንዱ ይገባል፣ አንዳንዱ በመዳፌ መትቼ ነው የማቀባብለው፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይዘጋም» አለኝ። የሚሞክረው ባዶ ቀለሃ ነው፤ ባሩድም፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ካፕሱልም የለበትም። ይህን ሁለት ጊዜ ጠይቄ ነው ያረጋገጥኩት።

የት እንደሚነካ ለማወቅ ጥላሸት እንዲቀባው ነገርኩት። እዚህ ብንሆን ጧፍ አብርተን ቀለሃውን ከጭሱ በላይ እናዞረው ነበር፤ እሱ ሻማ ነው ያገኘ። ጥቁር የሆነውን ቀለሃ አስገብቶ፣ ዘግቶ፣ አወጣና ፎቶ ላከ። ጥላሸቱ ትከሻው ላይ ዙሪያውን ተፍቆ ነሐሱ ያበራል። ወገቡ ላይ ምንም የለም። ስለዚህ ቀለሃው አልወፈረም፤ ረዝሟል። ርዝመት ስል የአፉን አይደለም፤ ከግርጌው እስከ ትከሻው ያለውን ነው። ጥይቱ ጠመንጃው ውስጥ ሲገባ የሚቆመው ትከሻው ላይ ነውና።

«ዳዩን ነክተኸዋል?»

«አዎ ጋሼ፤ ተቀርቅሮ ካስቸገረኝ በኋላ አንድ ዙር ወደ ላይ መለስኩት። ነሐሱን ባላስጨንቀው ይሻላል ብዬ።»

አሳዘነኝም፣ አሳቀኝም። ርኅራኄው ነው ያበላሸው።

የዳዩ ጥርስ በኢንች 14 ነው። አንድ ዙር ማለት 1.81 ሚሊ ሜትር ነው። ዳዩ ያን ያህል ሲነሳ የቀለሃውን ወገብ አሁንም ይጨምቃል፤ ትከሻው ዘንድ ግን አይደርስም። ወገቡ የተጨመቀ ነሐስ ደግሞ የት ይሂድ? ከታች ግርጌው ወፍራምና ጠጣር ነው፣ አይቀበለውም። ሊጥ በጭብጥህ ይዘህ ስትጫነው በአውራ ጣትህ በኩል ብቅ እንደሚለው፣ ወደ ላይ ይሄዳል። ትከሻው ወደ ፊት ይገፋል። የዳዩ የራሱ ትከሻ ደርሶ ካልመለሰው ቀለሃው ከዳዩ የሚወጣው ከመግባቱ በፊት ከነበረው ረዝሞ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም፤ ማጥበቢያ ነው ብሎ የገዛው ነገር አስረዘመው ማለት ነውና።

እሱም አላመነም። ስለዚህ ለካን። ትከሻው ላይ የሚያርፍ ቀለበት ካሊፐሩ ላይ የሚታሰርበት መለኪያ አለ፤ ያን አስገዛሁት። በኢንች ነበር የሚለካው፤ እኔ በሚሊ ካልሆነ እጄ አይሠራም ብዬ አስቀየርኩት። በራሱ ጠመንጃ ተተኩሰው ገና ያልጠበቡ አምስት ቀለሃዎች፤ ሁሉም 41.45 ወይም አንድ መቶኛ ወዲህ ወዲያ። በተነሳው ዳይ የጠበቡት፤ 41.56። በዓይን የማይታይ 11 መቶኛ ሚሊ ነው፤ ግን ጠመንጃው እንዳይዘጋ የሚያግደው እሱ ነው።

«ሌላ የጠበበ የለህም?» አልኩት። ባለፈው ዓመት፣ ዳዩን መመሪያው እንደሚለው የቀለሃውን መያዣ እስኪነካ አውርዶ፣ ከዚያም ጨምሮ አጥብቆ ያዘጋጃቸው በከረጢት አሉኝ አለ። ለካ። 41.27።

ያኔ ነው በእውነት የደነገጥኩት። የማይገባ ቀለሃ ያናድዳል እንጂ ሰው አይጎዳም። አጥሮ በቀላሉ የሚገባው ነው አደገኛው። ጥይቱ ሲተኮስ ከትከሻው ፊት 18 መቶኛ ባዶ ቦታ ካለ፣ የቀለሃው ፊት ግድግዳው ላይ ይጣበቅና ግርጌው ወደ ኋላ ይሸሻል። የሚለጠጠው ከግርጌው ከፍ ብሎ ወፍራሙ ነሐስ ወደ ቀጭኑ የሚሸጋገርበት ቦታ ነው። አንዴ ቢሆን ምንም አይደል። በየተኩሱ ያው ቦታ ሲለጠጥና ሲሳሳ ግን አንድ ቀን ቀለሃው ለሁለት ይበጠሳል፤ ትኩስ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል።

ቀጭን ሽቦ ጫፉን አጥፎ፣ ሹል አድርጎ፣ ቀለሃው ውስጥ አስገብቶ ግድግዳውን እየዳበሰ እንዲያወጣው ነገርኩት። ጤነኛው ላይ ሽቦው ያለ እንቅፋት ይንሸራተታል። አራት ጊዜ ከተተኮሱት ውስጥ ስድስቱ ላይ ሽቦው ግርጌው አጠገብ ቦይ ውስጥ እንደገባ ያዝ አደረገ። አንዱን በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቆ ፎቶ ላከልኝ። ውስጡ ዙሪያውን ተቦርቡሯል። በውጭ በኩል ያለው ምልክት ፀጉር የምታህል ደመቅ ያለች ቀለበት ብቻ ናት። ስድስቱንም በመዶሻ ጠፍጥፎ ጣላቸው። እኔ ግን የዚያን ቀን ሥራ አልገባልኝም፤ አንድ የፓምፕ ዘንግ አበላሸሁ።

እንግዲህ መሐሉን መፈለግ ነው የቀረን። ከተተኮሰው ልክ 5 መቶኛ ብቻ ወደ ኋላ፤ 41.40። በእጅ ለሚቀባበል ጠመንጃ ይህ ይበቃል፤ በራሱ ለሚጎርሰው ዓይነት ትንሽ ይጨመራል። ሒሳቡ ቶርኖ ለሚያውቅ ቀላል ነው። ሙሉ ዙር 1.81 ከሆነ አንድ ዲግሪ ግማሽ መቶኛ ነው፤ 10 ዲግሪ 5 መቶኛ። ዳዩ አናት ላይ በቀለም ምልክት አድርጎ፣ ከሥሩ ወረቀት ላይ ዲግሪ ስሎ አስቀመጠ።

ከተነሳበት ሩብ ሩብ ዙር እያወረደ፣ በየጊዜው ያልጠበበ አዲስ ቀለሃ እያስገባ መለካት ጀመረ። በመጀመሪያው 41.57። በሁለተኛው 41.58። በሦስተኛው 41.59።

«ጋሼ፣ እየባሰበት ነው!»

«ጎሽ! እንዲህ ነው የሚፈለገው። ቀጥል።»

ዳዩ ሲወርድ ወገቡን የበለጠ ስለሚጨምቅ ትከሻው የዳዩን ትከሻ እስኪነካ ድረስ ቁጥሩ መውጣቱ አይቀርም። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ ደርሶ ሊገባ ሲል ይመለሳል። ከሦስተኛው በኋላ 10 ዲግሪ 10 ዲግሪ አስወረድኩት። ቁጥሩ ቆመ፤ ከዚያ መውረድ ጀመረ። በስድስተኛው 41.40 ሲል «አቁም» አልኩት። የዳዩን ማሰሪያ ቀለበት አጠበቀ። ጥላሸት የተቀባው ቀለሃ ገባ፣ ተዘጋ፣ ጥላሸቱን እንደያዘ ወጣ።

ሃያ ቀለሃ ሲያጠብ ግን ልኩ ከ41.40 እስከ 41.46 ተበተነ። አንድ ዳይ፣ አንድ ፕሬስ፣ አንድ እጅ፤ ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? «ሲመለስ ድምፅ አለው?» አልኩት። ስልኩን ፕሬሱ አጠገብ አስቀመጠና አሰማኝ። ሲጢጥ ይላል። ያቺ አንገት የምታሰፋው ኳስ ናት፤ የአንገቱ ውስጥ ደረቅ ስለሆነ ስትወጣ አንገቱን ይዛ ትከሻውን ወደ ፊት ትጎትታለች። በጥጥ ጫፍ ትንሽ ቅባት የአንገቱ ውስጥ አስነካ፤ ድምፁ ጠፋ፣ መበተኑም በግማሽ ቀነሰ።

የቀረው ግማሽ የነሐሱ ዕድሜ ነው። ይህን በቃል ከማስረዳት ላሳየው ብዬ ቶርኖዬ ላይ ሙከራ ሠራሁ። ከብረት 20.00 ሚሊ ቀዳዳ ያለው ቀለበት አወጣሁ፤ መግቢያውን ሾጣጣ አደረግሁት። የቆየ የነሐስ ቧንቧ ቅባት ቀብቼ በፕሬስ አሳለፍኩበት። በ20.00 ያለፈው ቧንቧ ሲወጣ 20.06 ሆነ። ከዚያው ቧንቧ ሌላ ቁራጭ ቆርጬ በእሳት አለዝቤ፣ አቀዝቅዤ አሳለፍኩ፤ 20.02። በቪዲዮ አይቶ ዝም አለ። ነሐስ በተጨመቀና በተለጠጠ ቁጥር ይደድራል፤ የደደረ ነሐስ ደግሞ እንደ ስፕሪንግ ወደነበረበት ይመለሳል። አንዴ የተተኮሰውና አምስቴ የተተኮሰው ከአንድ ዳይ በአንድ ልክ አይወጡም። ብረት ስታግለው ውኃ ውስጥ ብትነክረው ይጠነክራል፤ ነሐስ ግን ብትነክረውም ባትነክረውም ለስላሳ ነው። ይህን የነገረኝ ሥራ ያስተማረኝ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና።

ስለዚህ አንገቱንና ትከሻውን ብቻ በጋዝ ነበልባል ለጥቂት ሰከንድ እያዞረ ያለዝባቸው ጀመር። ግርጌው ውኃ ውስጥ ቆሞ። ግርጌው ከለዘበ ቀለሃው ቆሻሻ ነው፤ ግፊቱን የሚችለው ያ ደዳሩ ክፍል ነዋ። እስኪቀላ ማቃጠልም አያስፈልግም፤ የቀለሃ ነሐስ 70 እጅ መዳብ፣ 30 እጅ ዚንክ ነው፤ አብዝቶ ላጋለው ዚንኩ ይተናል፣ ጭሱም ለሳንባ አይበጅም።

መንገዴን ልሳትና፣ ስለ ማጽጃው ፈሳሽ አንድ ጉዳይ አለ። ቀለሃዎቹን ያበራበት ፈሳሽ አሞኒያ ያለበት ኖሯል። ሽታውን ሲገልጽልኝ ነው የነቃሁት። የደደረ ነሐስና አሞኒያ አይስማሙም፤ ቀን ቆጥሮ ይሰነጠቃል። እንግሊዞች ሕንድ ውስጥ በዝናብ ወራት ፈረስ ጋጣ አጠገብ ያከማቹት ጥይት ቀለሃው ሳይተኮስ እየተሰነጠቀ አስቸግሯቸው ነበር፤ ከፈረሱ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ መሆኑ በ1921 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተብራራ። አያቴ ዝናሩን ከበቅሎው ጋጣ አጠገብ አይሰቅልም ነበር። ምክንያቱን ሲጠየቅ «ይበላሻል» ብቻ ነው መልሱ። የአያቴ ጠመንጃ ውጅግራ ነበር፤ ስሙ ፉዚል ግራ ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ፣ ባለ 11 ሚሊው። በምኒልክ ዘመን ጥይቱ ገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሄድ ስለነበር፣ ጥይት ማበላሸት ብር ማበላሸት ነው።

የአክስቴ ልጅ ፈሳሹን ጣለ።

አሁን ከ60ዎቹ ቀለሃዎች 49ኙ ይገባሉ። አስራ አንዱ ግን ትከሻቸው 41.40 ሆኖ ሳለ አሁንም አልዘጋ አሉ። እንደገና ጥላሸት። በዚህ ጊዜ የተፋቀው ግርጌው አጠገብ ነው፤ ከራሱ ጠመንጃ ከወጡት በ4 መቶኛ ወፍረዋል። «ከየት ያመጣሃቸው ናቸው?» ብለው፣ ከተኩስ ሜዳ መሬት ላይ የለቀማቸው ኖረዋል፤ እንደ ልጅነታችን። ሰፊ ክፍል ባለው በሌላ ጠመንጃ፣ ምናልባትም በመትረየስ የተተኮሱ ናቸው። የተራው ዳይ አፍ እዚያ ድረስ ወርዶ አይደርስም። ግርጌውን የሚያጠብ ልዩ ዳይ ይሸጣል፤ እኔ ግን ለ11 ቀለሃ ዳይ አትግዛ አልኩት። «ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ የማታውቀውን፣ በማን ጠመንጃ እንደተተኮሰ የማታውቀውን ነገር ፊትህ አጠገብ ለምን ታፈነዳለህ?» ትንሽ ተከራከረኝ፤ አዲስ ቀለሃ ውድ ነው ብሎ። በመጨረሻ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ሰጣቸው።

ጥቅምት ላይ ተራራ ወጣ። ኤልክ አላገኘም፤ በረዶ ቀድሞት ነበር አለ። ኢላማ ላይ ከተኮሳቸው 20 ጥይቶች ቀለሃዎቹን ለክቶ የላከልኝ ሠንጠረዥ ግን እስካሁን ስልኬ ላይ አለ፤ 41.45፣ 41.45፣ 41.44፣ 41.45 እያለ ይወርዳል። ኅዳር ላይ ደግሞ ጎረቤቱ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ቀለሃ ይዞ «አልገባ አለኝ» ብሎ እንደመጣበት ነገረኝ።

«ምን አልከው?»

«መጀመሪያ ከየት ለቀምከው አልኩት፤ ከዚያ ሻማ አበራሁ።»